ነጩ ፏፏቴና ባዶው ሸለቆ

በ1851 (በዚህ ጽሑፍ ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ሁለት የማይገናኙ የሚመስሉ ድርጊቶች ተፈጸሙ። በለንደን ፍሬድሪክ ስኮት አርቸር የተባለ ቀራጺ የእርጥብ መስተዋት ሰሌዳ ፎቶግራፍ አሠራርን ይፋ አደረገ። በካሊፎርኒያ ተራሮች ደግሞ የማሪፖሳ ሻለቃ የተባለው የሠፋሪዎች ጦር ወደ ዮሰሚቲ ሸለቆ ዘልቆ የአዋኒቺን ሕዝብ መንደር አቃጠለ፤ ለስንቅ ያከማቸውንም የባሉጥ ፍሬ አጋየ። ሁለቱን ድርጊቶች ያገናኛቸው ከ10 ዓመት በኋላ ካሜራውን በበቅሎ ጭኖ ሸለቆው የደረሰው ካርልተን ዋትኪንስ ነው።

ዋትኪንስ በ1861 የተጠቀመባቸው ሰሌዳዎች 46 በ56 ሳንቲ ሜትር ያህል ስፋት ነበራቸው። እያንዳንዱን በድንኳን ጨለማ ውስጥ ኮሎዲዮን በተባለው ፈሳሽ መቀባት፣ በብር ናይትሬት መንከር፣ ሳይደርቅም ፎቶግራፉን አንስቶ ማጠብ ግድ ነበር። የካሜራው መዝጊያ የገዛ እጁ ነው፤ የምስሪቱን ክዳን ያነሣል፣ ይቆጥራል፣ ይመልሳል። ቆጠራው ብዙ ሴኮንድ፣ አንዳንዴም ደቂቃዎች ይፈጅ ነበር።

5 ሜትር የወደቀች የውሃ ጠብታ ደግሞ በሴኮንድ ወደ 10 ሜትር በሚጠጋ ፍጥነት ትከንፋለች። ክዳኑ ተነሥቶ እስኪመለስ ድረስ እልፍ ጠብታዎች በአንዱ ሰሌዳ ላይ መንገዳቸውን ጽፈው ያልፋሉ፤ ጠብታዋ ትጠፋለች፣ መንገዷ ይቀራል። በዚህ ላይ ሰሌዳው ለሰማያዊ ብርሃን ንቁ፣ ለአረንጓዴ ዳተኛ ነበር። ደኑ እስኪቀረጽ ሲጠበቅ ሰማዩም ውሃውም ከልክ በላይ ይነጣሉ። 739 ሜትር ከፍታ ያለው የዮሰሚቲ ፏፏቴ ከአለት ላይ እንደ ተሰጣ ነጠላ ሆኖ የወጣው በዚህ ምክንያት ነው። ዘግየት ብሎ የመጣው ተመልካች ግን ይህን የኬሚካል ግዴታ እንደ ባለሙያው ቅኔ ቆጠረው። (ዓይንም ቢሆን ጠብታ አይቆጥርም፤ የእኛው ሰው ለዓባይ ፏፏቴ ያወጣለት ስም ጢስ ነው።)

ፎቶግራፎቹ በ1862 በኒውዮርክ ለእይታ ቀረቡ። በ1864 ፕሬዚዳንት ሊንከን ሸለቆው ለሕዝብ መዝናኛነት እንዲጠበቅ የሚያዝዘውን ሕግ ሲፈርሙ፣ ምስሎቹ ለውሳኔው እንደረዱ የታሪክ ጸሐፊዎች ይናገራሉ። ሕግ አውጭዎቹ በምስሎቹ ያዩት ሰው ያልረገጠው የሚመስል ምድር ነበር። ነገር ግን የአዋኒቺ ተወላጆች ከስደት እየተመለሱ በዚያው ሸለቆ ይኖሩ ነበር።

ታዲያ ሰዎቹን ያጠፋቸው የካሜራው ዝግታ ነውን? ዳጌር በ1838 የፓሪስን ጎዳና ሲያነሣ መንገደኛውና ሠረገላው ሁሉ ተሰውሮ፣ ጫማውን ለማስጠረግ የቆመ ሰው እንደ ቀረ ይታወቃል። የቆመ ይቀረጻል ማለት ነው። ጎጆም፣ የባሉጥ ጎተራም አይሮጥም። ውሃውን ያነጣው ኬሚካሉ ነው፤ ሸለቆውን ባዶ ያደረገው ግን ካሜራው የተተከለበት ስፍራ፣ ከዚያም በፊት የሻለቃው እሳት ነው። ሁለቱ በአንድ ወረቀት ላይ ስለ ታተሙ ሁለቱም የተፈጥሮ ሥራ መሰሉ።

በ1872 በዚያው ሸለቆ ነጭ ፏፏቴ ያነሣው ማይብሪጅ በ1878 የፈረስን ግልቢያ በቅጽበት ለመያዝ በቃ። ደረቁ የጄላቲን ሰሌዳም ተስፋፋ። ከዚያ ወዲህ ዝግታ ምርጫ ሆነ፤ የዛሬው ባለ ካሜራ የሚፈጥነውን መዝጊያውን ሆን ብሎ አዘግይቶ፣ ብርሃኑን በጥቁር ማጣሪያ ቀንሶ፣ ያንኑ የ1861 ነጠላ ይሸምናል።

የዋትኪንስ ነጋቲቮች በ1906 የሳን ፍራንሲስኮ የመሬት መንቀጥቀጥ ባስነሣው ቃጠሎ ወደሙ። የተወላጆቹ መንደር ግን ከፏፏቴው ብዙ ሳይርቅ እስከ 1969 ቆሞ ነበር፤ በዚያ ዓመት የፓርኩ አስተዳደር የቀሩትን ቤቶች አፈረሳቸው።