ልቀቱን ማን ያስቁም? የከርነል ማሻሻያዎች ፍተሻ በዴስክቶፕ ሊኑክስ

ዴቢያን 12.3 የሚል የመጫኛ ዲስክ የለም። የልቀት ቡድኑ እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 9 ቀን 2023 ሊያወጣው ተዘጋጅቶ፣ ፓኬጆቹም ወደ ማከፋፈያ ሰርቨሮች መግባት ጀምረው ሳለ፣ አብሮት የሚወጣው ከርነል 6.1.64 በኤክስት 4 የፋይል ሥርዓት ላይ ያለ መረጃ ሊያበላሽ እንደሚችል ተደረሰበት። ቡድኑ የዲስኮቹን ዝግጅት አቁሞ ተጠቃሚዎች ማሻሻያውን እንዳይጭኑ አሳሰበ፤ በማግስቱም የታረመ ከርነል የያዘውን 12.4 አወጣ። የዚህ መጣጥፍ ክርክር ከዚሁ ክስተት ይነሳል። የከርነል ፍተሻ ብዙውን ጊዜ የሚሰናከለው ፈተናው ካለቀ በኋላ ባለው መንገድ ላይ ነው፤ ስህተቱን ያየው ወገን ልቀቱን ማስቆም ከሚችለው ወገን ጋር በጊዜ ካልተገናኘ፣ ፈተናው እንዳልተደረገ ይቆጠራል።

ስህተቱን ቀረብ ብሎ ማየት ይጠቅማል። አንድ ፕሮግራም የከርነሉን ጊዜያዊ ማከማቻ ዘሎ በቀጥታ ወደ ዲስክ ሲጽፍ (ዳታቤዞችና የቨርቹዋል ማሽን ሶፍትዌሮች ይህን ያዘወትራሉ)፣ ከርነሉ አንዱ ጽሕፈት ባለቀ ቁጥር በፋይሉ ውስጥ የደረሰበትን ቦታ ወደፊት ማራመድ አለበት። በኤክስት 4 ላይ የተደረገውና ስህተቱን ያመጣው እርማት ሥራው በሰላም ሲጠናቀቅ የተጻፈውን የባይት ብዛት መልሶ ይሰጣል። ከ6.5 ጀምሮ ያለው ከርነል እንደ ስህተት የሚቆጥረው ከዜሮ በታች የሆነን መልስ ብቻ ስለሆነ፣ በእርሱ ላይ ችግር አልተፈጠረም። በ6.1 ውስጥ ያለው የቆየ ኮድ ግን ከዜሮ የተለየ ማንኛውም መልስ ሲመጣለት ቦታውን ሳያራምድ ይወጣል። ፕሮግራሙ ሁለተኛውን ክፍል ሲጽፍ ታዲያ ከመጀመሪያው ቀጥሎ መግባቱ ይቀርና እዚያው በላዩ ላይ ያርፋል። ማስጠንቀቂያ አይታይም፤ ኮምፒውተሩም አይቆምም። እርማቱ መጀመሪያ በተጻፈለት ከርነል ላይ ፍጹም ትክክል ነበር። ወደ አሮጌው መስመር ሲወርድ ግን የተደገፈበት ሌላ ለውጥ አብሮት አልወረደም።

ከሁሉ የሚያስቆጨው ፈተናው ይህን ማየቱ ነው። ኤልቲፒ በሚባለው የቆየ የሊኑክስ ፈተና ስብስብ ውስጥ ያለ አንድ ፈተና፣ ይኸው እርማት ለ5.15 መስመር ታስቦ በግምገማ ላይ ሳለ ወድቆ ነበር። ፋይል ጽፎ መልሶ የሚያነብ ትንሽ ፈተና ነው፤ ያነበበው ካሰበው ጋር አልገጠመም። ጉዳዩ የፋይል ሥርዓቱን ጠንቅቀው ወደሚያውቁ ሰዎች ደርሶ መንስኤው ተተንትኖ ሲታወቅ ግን 6.1.64 ወጥቶ፣ ዴቢያንም ለልቀቱ መርጦት ነበር። በአንዱ መስመር የተነሳው ጥርጣሬ ለሌላው መስመር ማስጠንቀቂያ ሆኖ በጊዜው አልደረሰም።

እዚህ ላይ የከርነል ሥራ አካሄድ መታወስ አለበት። ሊኑስ ቶርቫልድስ የሚመራው ዋናው መስመር በየዘጠኝና አሥር ሳምንቱ አዲስ ከርነል ያወጣል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት አዳዲስ ለውጦች በብዛት ይገባሉ፤ ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ አርሲ የሚባሉ የሙከራ እትሞች ይወጣሉ፣ አብዛኛውን ጊዜ እስከ ሰባተኛው ወይም ስምንተኛው ድረስ። የጸኑትን መስመሮች የሚጠብቁት ግሬግ ክሮ-ሃርትማንና ሳሻ ሌቪን ደግሞ ከዋናው መስመር እርማቶችን እየመረጡ ወደ ቆዩት ያወርዳሉ። ለእያንዳንዱ የጸና እትም የሚሰጠው የግምገማ ጊዜ በተለምዶ ሁለት ቀን ያህል ነው፤ በአንድ እትም ውስጥ ያሉት ለውጦች ግን በመቶዎች ሊቆጠሩ ይችላሉ። በሁለት ቀን ውስጥ ማሽን ፈተናውን ያካሂዳል፤ የወደቀውን ፈተና ትርጉም አውጥቶ ለሚመለከተው ለማድረስ ግን ሰው ያስፈልጋል፤ ሰው ደግሞ ከሁለት ቀን በላይ ይወስድበታል።

ኤክስት 4ን ያስተካከለው 6.1.66 ራሱ ከሌሎች ለውጦች ጋር በገመድ አልባው የኔትወርክ ክፍል ላይ የተደረገ ለውጥ ይዞ መጣ። በአንዳንድ ኮምፒውተሮች ላይ ዋይፋዩን ያንጠለጠለው ይህ ነው። 6.1.67 ለውጡን ሰርዞ ወጣ፤ ዴቢያንም ተከተለው። ሁለቱ ስህተቶች ጎን ለጎን ሲታዩ የፍተሻውን ሁለት ገጽታ ያሳያሉ። የመጀመሪያውን በቨርቹዋል ማሽን ላይ የሚሠራ ፈተና ሊያገኘው ይችላል፣ አግኝቶታልም። ሁለተኛው ግን የሚገለጠው እውነተኛ የዋይፋይ ካርድ ባለበት ቦታ ነው። ፌዶራና ኦፕንሱዜ የሚጠቀሙበት ኦፕንኪውኤ ስክሪን እያየና ቁልፍ እየነካ ዲስትሪቢውሽኑን ከመጫን እስከ መክፈት ይፈትናል፤ እጅግ ጠቃሚ መሣሪያ ነው፤ ሥራው በአመዛኙ በቨርቹዋል ማሽን ላይ ስለሆነ ግን የላፕቶፑን ክዳን አይዘጋም።

የክዳኑ ነገር ቀላል ይመስላል። ተጠቃሚው ላፕቶፑን ዘግቶ ሲከፍት ከርነሉ መጀመሪያ ፕሮግራሞቹን ባሉበት ያቆማል፣ ከዚያ እያንዳንዱን ድራይቨር ተራ በተራ ያስተኛል፣ ከፈርምዌሩ ጋር ይነጋገራል፣ ከአንዱ በቀር ሌሎቹን ፕሮሰሰሮች ያጠፋል፤ ሲነቃም ይህንኑ ወደኋላ ይደግማል። አንድ ድራይቨር ብቻ ቅደም ተከተሉን ቢስት ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ ይቀራል፤ ከስክሪኑ መጥፋት ጋርም ማስረጃው አብሮ ይጠፋል። ከርነሉ ለዚህ መላ አለው፦ ፒኤም ቴስት በሚባለው ቅንብር እንቅልፉን በየደረጃው እያስቆሙ፣ ፕሮግራሞቹን ማቆም ላይ ነው ወይስ ድራይቨሮቹን ማስተኛት ላይ ነው የተሰናከለው ብሎ መለየት ይቻላል። አርቲሲዌክ በሚባለው ትእዛዝ ደግሞ ማሽኑን አስተኝቶ በተወሰነ ሰከንድ በራሱ እንዲነቃ ማድረግ ይቻላል። ይህን ደጋግሞ ማካሄድ የግድ ነው፤ ብዙው የእንቅልፍ ስህተት በመጀመሪያው ዙር አይታይም።

ስህተት አስተውሎ ጥፋተኛውን ለውጥ ለይቶ ማቅረብ ደግሞ ሌላ ሥራ ነው። በሁለት ተከታታይ ዋና ከርነሎች መካከል ከአሥር ሺህ በላይ ለውጦች ይኖራሉ። ጊት ባይሴክት የሚባለው ዘዴ መካከለኛውን እየመረጠ፣ ግማሹን እየጣለ ስለሚሄድ 14 ያህል ሙከራ ይበቃል። በዝግተኛ ላፕቶፕ ላይ ከርነል 14 ጊዜ ገንብቶ ማስነሳት ቀናት የሚፈጅ ልፋት መሆኑን የሞከረው ያውቀዋል፤ ለአልሚው ግን ከዚህ የሚበልጥ ስጦታ የለም።

አልሚዎች የሚጠቀሙበት ማሽን ተራ ሰው ከሚጠቀምበት ይለያል፤ ይህም ራሱ የፍተሻ ክፍተት ነው። የ2021ዱ 5.12 አርሲ1 በስዋፕ ፋይል የሚጠቀሙ ኮምፒውተሮች ላይ የፋይል ሥርዓቱን ሊያጠፋ የሚችል ስህተት ይዞ ወጣ፤ ወደ ስዋፕ ፋይሉ የሚሄደው ጽሕፈት በዲስኩ ላይ የተሳሳተ ቦታ ያርፍ ነበር። በስዋፕ ክፋይ የሚጠቀሙ ሰዎች ምንም አላዩም። ኡቡንቱ ግን ከ17.04 ጀምሮ ስዋፕ ፋይልን ነባሪ አድርጎታል። ቶርቫልድስ የእትሙን መለያ «አትጠቀሙበት» የሚል ቃል ጨምሮ ለወጠው። በእኔ ግምት በከርነል ታሪክ ውስጥ ከታዩት ቆራጥ እርምጃዎች አንዱ ይህ ነው፤ ቀዳሚው ሰው ራሱ ያወጣውን እትም በይፋ ሻረው።

በኡቡንቱ 17.10 የሆነው ግን ከዚህ ሁሉ ይከፋል። ኦክቶበር 2017 ከወጣ በኋላ በተለይ የአንዳንድ ሌኖቮ ላፕቶፖች ባዮስ ቅንብርን ማስቀመጥ እንዳቃተው ተጠቃሚዎች ማመልከት ጀመሩ፤ አንዳንዱ ከዩኤስቢ መነሳትም ተሳነው። መንስኤው የባዮሱን ፍላሽ የሚነካው የኢንቴል ኤስፒአይ ድራይቨር በከርነሉ ቅንብር ውስጥ መከፈቱ ነበር። ተራ የዴስክቶፕ ተጠቃሚ ይህን ድራይቨር ለምንም አይፈልገውም፤ የቅንብሩ ማብራሪያም የሚያደርጉትን ካላወቁ እንዳይከፍቱት ይመክራል። የኡቡንቱ አዘጋጅ ካኖኒካል በዲሴምበር ዲስኩን ከማውረጃ ገጹ አንስቶ፣ ድራይቨሩ የተዘጋበትን 17.10.1 በጃንዋሪ 2018 አወጣ። ከዲስክ ላይ የጠፋ መረጃ ከመጠባበቂያ ይመለሳል፤ ባዮሱ የተነካ ላፕቶፕ ግን ሊኑክስን አጥፍተው ሌላ ቢጭኑበትም አይድንም። ከልቀት በፊት የሚደረግ ፍተሻ እንግዲህ ከርነሉን ከማስነሳት በፊት የቅንብር ፋይሉን በማንበብ መጀመር አለበት፦ ካለፈው ልቀት ወዲህ ምን አዲስ ነገር ተከፈተ፣ ማን ጠየቀው፣ ለማን ያስፈልጋል?

ከዚህ አንጻር የዲስትሪቢውሽኖቹን ልማድ ስመዝን የፌዶራ አሠራር ይበልጥ ያሳምነኛል። አዲስ ከርነል ሊገባ ሲል የከርነል ሙከራ ሳምንት ይታወጃል፤ ማንኛውም ሰው የቀረበውን ዲስክ ከዩኤስቢ አስነስቶ በራሱ ማሽን ይፈትናል። ማሻሻያዎች ቦዲ በሚባለው ሥርዓት የተጠቃሚዎችን ድጋፍና ተቃውሞ ነጥብ እየሰበሰቡ ያልፋሉ ወይም ይቀራሉ። ከዋናው ልቀት በፊት ደግሞ ልቀትን የሚያግዱ ስህተቶች በተጻፈ መስፈርት ተለይተው፣ ይውጣ ወይስ ይቆይ የሚል ስብሰባ ይካሄዳል። ፌዶራ በዚህ የተነሳ በተደጋጋሚ ዘግይቷል፤ መዘግየቱን እንደ ነቀፋ የሚያነሱ አሉ፣ ለእኔ ግን ሥርዓቱ እንደሚሠራ ማረጋገጫ ነው።

ኡቡንቱ በኦገስት 2024 ያወጣው ፖሊሲ ያሳስበኛል። ለልቀቱ በተወሰነው የመዝጊያ ቀን ያለውን የመጨረሻውን ከርነል፣ ገና አርሲ ላይ ቢሆንም እንኳ፣ ለልቀት እመርጣለሁ ይላል። 24.10 በኦክቶበር 10 ሲወጣ የያዘው 6.11 ከርነል የተጠናቀቀው በሴፕቴምበር 15 ነበር፤ መካከሉ 25 ቀን ብቻ ነው። አዲስ ላፕቶፕ የገዛ ሰው ከዚህ ይጠቀማል፣ ይህ አይካድም። ነገር ግን በአገልግሎት ላይ ቆየት ባሉ ማሽኖች ላይ የሚደርስን ስብራት ለማወቅ 25 ቀን አጭር ነው፤ ልቀቱ የተቆረጠ ቀን ስላለውም ማቆም የሚለው አማራጭ እየጠበበ ይሄዳል።

የእኛ ተጠቃሚዎች ጉዳይ የሚነሳው እዚህ ላይ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ከሚሸጡት ላፕቶፖች ብዙዎቹ በውጭ አገር ዓመታት ያገለገሉ ናቸው። የአምራቾች ቤተ ሙከራ ለአዲሱ ሞዴል ቅድሚያ ስለሚሰጥ፣ የአሮጌው ማሽን ሁኔታ የሚታወቀው ባለቤቱ ሲናገር ነው። ሊኑክስ የምትጠቀሙ አንባቢዎች፣ የምትጠቀሙበት ዲስትሪቢውሽን የቤታ ዲስኩን ሲያወጣ በዩኤስቢ አስነሱትና ዋይፋዩን፣ ድምፁን፣ ፕሮጀክተሩን፣ የክዳኑን እንቅልፍ ሞክሩ። ዲስካችሁ አይነካም፤ ጊዜውም ከአንድ ሰዓት አይበልጥም። የተሰበረ ነገር ካገኛችሁ የማሽኑን ሞዴል፣ የከርነሉን ቁጥርና የጆርናሉን መዝገብ ይዛችሁ ልቀቱ ከመውጣቱ በፊት አመልክቱ። በየዕለቱ በምትሠሩበት ማሽን ላይ ደግሞ አዲሱ ከርነል ሳምንት ሳይሠራ አሮጌውን ከግሩብ ዝርዝር አታጥፉ።