ጥርሱ ተቆጠረ፣ ዝሆኑ ግን አልተቆጠረም፦ ከታጁራ ባሕር እስከ ዲዴሳ ሸለቆ

በየዓመቱ ጥቅምት መጨረሻ አካባቢ ከጅቡቲ ከተማ ወደ ምዕራብ፣ አርታ ወደሚባለው ዳርቻ የሚሄዱ ጀልባዎች ይበዛሉ። የተሳፈሩት ዓመት ሙሉ ቢሮ ውስጥ ተቀምጠው ገንዘብ ያጠራቀሙ አውሮፓውያን ናቸው። የሚፈልጉት በዓለም ላይ ካሉ ዓሦች ሁሉ የሚገዝፈውን ዌል ሻርክ ነው። ስሙ ያስፈራል እንጂ የሚበላው በአብዛኛው ጥቃቅን የባሕር ፍጥረታትን ነው። በታጁራ ባሕረ ሰላጤ የሚታዩት አብዛኞቹ ገና ያልጎለመሱ ወንዶች ናቸው።

ከእነዚህ ቱሪስቶች የተወሰኑት ሥራ ይዘው ነው የሚመጡት። ከተመራማሪዎች ጋር አብረው ይጠልቃሉ፤ የጉዞውን ወጪ ይከፍላሉ፤ የዓሣውን ግራ ጎን ከስንጥቡ (ከመተንፈሻው) በስተኋላ ፎቶ ያነሳሉ። እዚያ ቦታ ላይ ያለው የነጭ ነጠብጣብ አቀማመጥ እንደ ሰው የጣት አሻራ ነው፤ ከአንዱ ዓሣ ወደ ሌላው አይደገምም። ነጠብጣቡን ከነጠብጣብ የሚያመሳክረው የኮምፒውተር ዘዴ የመጣው ደግሞ ከሰማይ ነው። አውስትራሊያዊው የባሕር ተመራማሪ ብራድ ኖርማን፣ የኮምፒውተር ባለሙያው ጄሰን ሆልምበርግና የሥነ ፈለክ ሳይንቲስቱ ዛቨን አርዙማኒያን፣ የከዋክብትን ፎቶዎች ለማዛመድ የተዘጋጀን ስሌት ወስደው ለዓሣ ቆዳ አዋሉት። ሥራቸውን እ.ኤ.አ. በ2005 አሳተሙ። ከዚያ ወዲህ የአንድ የባንክ ሠራተኛ የዕረፍት ጊዜ ፎቶ የምርምር መረጃ ሆኖ ተመዘገበ። በጅቡቲ ውኃ እ.ኤ.አ. ከ2003 እስከ 2010 ድረስ 297 የተለያዩ ዌል ሻርኮች ተለይተው የታወቁት በዚህ መንገድ በተሰበሰቡ ፎቶዎች ነው።

ይህ ከነቀምቴ ጋር ምን ያገናኘዋል? ወለጋ ባሕር የላትም፤ ኢትዮጵያም ከ1985 ዓ.ም. ወዲህ የላትም። ነገሩ ግን ስለ ባሕር አይደለም። ጥያቄው እንግዳ ሆኖ የመጣ ሰው ያየውን አውሬ ምን አደረገው የሚለው ነው። በዚህ ጥያቄ የወለጋን ታሪክ ወደ ኋላ ማየት ይቻላል።

1874 ዓ.ም.ን እንውሰድ። ወለጋ ውስጥ ያች ዓመት የእምባቦ ዓመት ናት። የሸዋው ንጉሥ ምኒልክና የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት በሆሮ ጉዱሩ ምድር ተዋግተው ድሉ ለምኒልክ የሆነባት፣ የደቡብ ምዕራቡ ወርቅና የዝሆን ጥርስ መንገድም ወደ ሸዋ የዞረባት ዓመት። በዚያው ሰሞን ከምኒልክ ዘንድ አንድ የሜዳ አህያ ለፈረንሳዩ ፕሬዚዳንት ለዡል ግሬቪ በስጦታ ተላከ። እንስሳው ፓሪስ ደርሶ ብዙም ሳይቆይ ሞተ። የፈረንሳይ ሳይንቲስቶች ግን መስመሩ ከሌሎቹ የሜዳ አህዮች የቀጠነ መሆኑን አይተው ለብቻው ዝርያ ነው አሉ፤ ስሙንም በፕሬዚዳንቱ ስም ጠሩት። እስከ ዛሬ የግሬቪ የሜዳ አህያ ይባላል። የላከው አገር ስም አልተሰጠውም። ወደዚህ የሜዳ አህያ እንመለሳለን።

በነቀምቴ የለቃ ገዥ የነበሩት ሞሮዳ በከሬ ለምኒልክ ገብረው አገራቸውን ከጦርነት አተረፉ። ልጃቸው ኩምሳ ሞሮዳ፣ በክርስትና ስማቸው ደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር፣ ሥልጣኑን ወረሱ። የእሳቸው ቤተ መንግሥት ዛሬም ነቀምቴ ውስጥ ቆሟል። ከዚያ ግቢ ጋር የተያያዙ ብዙ የአማርኛ ደብዳቤዎች ተርፈው፣ ታሪክ ጸሐፊዎቹ አሌሳንድሮ ትሪዩልዚና ተሰማ ታኣ አጥንተው ለኅትመት አብቅተዋቸዋል። የእነዚህን ደብዳቤዎች ዋና ጉዳይ ግብር ይሞላዋል፤ ወርቅና የዝሆን ጥርስ።

የወለጋ ዝሆን በጽሑፍ የገባው እንግዲህ በዚህ በር ነው። ስንት ጥርስ መጣ፣ ስንት ቀረ፣ ማን አጎደለ ተብሎ ተጻፈ። በዲዴሳ ቆላ ስንት ዝሆን አለ ብሎ የጻፈ ግን አልነበረም። ኩምሳ ሞሮዳን በዚህ መውቀስ አይገባም፤ በዚያ ዘመን ለንደንም ሆነ ብራስልስ የሚቆጥሩት ያንኑ ጥርስ ነበር። ከዚህም ሌላ የአገሩ ሰው የራሱ መዝገብ ነበረው። ጎሽ ወይም ዝሆን የገደለ ሰው በገራርሳ ይዘከራል፣ ክብሩ ከፍ ይላል። በአማርኛው ፉከራም «ገዳይ» ማለት ምን ማለት እንደሆነ የማያውቅ የለም። ገራርሳው የገዳዩን ስም ይይዛል፤ የቀረውን መንጋ ብዛት አይነግርም።

ከዚያ ባለጠመንጃ ቱሪስቶች መጡ። «ቱሪስት» የሚለው ቃል እዚህ ለቀልድ አልገባም። እንግሊዛዊው ፓወል ኮተን እ.ኤ.አ. በ1899 እና 1900 ኢትዮጵያን ዞሮ የጻፈው መጽሐፍ በርዕሱ ላይ ራሱን የአደን ሽርሽር ብሎ ነው የሚጠራው። የሰበሰባቸው እንስሳት ቆዳቸው ተሞልቶ ዛሬም በእንግሊዝ አገር ኬንት በስሙ በሚጠራው ሙዚየም ቆመዋል። ከእሱ ትንሽ ቀደም ብሎ ዌልድ ብለንደል ከሎርድ ሎቫት ጋር ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በምዕራብ በኩል ወደ ዓባይ ወርዷል። ሎቫት በመንገዱ ሁሉ ወፍ እየመታ ሰበሰበ፤ ስብስቡም ለንደን ላይ ተጠንቶ ታተመ። እ.ኤ.አ. በ1908 ደግሞ አይቨር በክስተን የሚባል መኮንን በደቡብ ምሥራቅ ተራሮች ላይ አንድ እንስሳ ገደለ፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ሳይንስ የደጋ አጋዘን ብሎ መዘገበው። በሳይንሳዊ ስሙ ላይ ያለው የገዳዩ ስም ነው። እዚህ ላይ ፈረንጁና ገራርሳው ይስማማሉ።

እነዚህ ሰዎች ለዕውቀት ምንም አላበረከቱም ማለት ሐሰት ነው። የኢትዮጵያ ወፎችና አጥቢዎች ዝርዝር መሠረቱ የእነሱ ጓዝ ነው። ችግሩ አንድ ጊዜ የተገደለ እንስሳ አንድ ጊዜ ብቻ መረጃ መስጠቱ ነው። በአርታ ዳርቻ ዘንድሮ ፎቶ የተነሳ ዓሣ በሚቀጥለው ዓመት ተመልሶ ሊታይ ይችላል፤ ማደጉ፣ መሰደዱ፣ መቁሰሉ ሁሉ ይጻፋል። ኬንት ያለው ቆዳ አያድግም።

መንግሥት በበኩሉ ቀስ እያለ ሕግ ማውጣት ጀመረ። የመጀመሪያው የአደን ሕግ እ.ኤ.አ. በ1909 በምኒልክ ዘመን ወጣ፤ በ1944 ደግሞ የአራዊት ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 61 ታወጀ። እውነተኛው ለውጥ የመጣው በ1950ዎቹ አጋማሽ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው። ጁሊያን ሃክስሊ ያለበት የዩኔስኮ ቡድን መጣ፤ የወፍ ተመራማሪው ሌስሊ ብራውን ዋልያንና የደጋ አጋዘንን በእግሩ እየሄደ ቆጠረ፤ ጆን ብሎወር አማካሪ ሆነ፤ ክላይቭ ኒኮል ሰሜን ተራሮች ላይ የፓርክ ኃላፊ ሆኖ ሠራ። አዋሽ፣ ሰሜን፣ ባሌ የሚሉ ስሞች በዓለም ካርታ ላይ ሰፈሩ። ወለጋ ግን ከዚህ ቆጠራ ውጭ ቀረች። ምክንያቱን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፦ ዋልያ የሌላ አገር አይደለም፤ የዲዴሳ ጎሽና ጉማሬ ግን ከኬንያ እስከ ዛምቢያ ዘመድ አለው። ብርቅ ያልሆነ እንስሳ ቆጣሪ አይመጣለትም።

በነገራችን ላይ በመጥለቅ ሳይንስ መሥራትም ለኢትዮጵያ እንግዳ አልነበረም። ኤርትራ በፌዴሬሽን በተቀላቀለችበት በ1945 ዓ.ም. በብሩኖ ቫይላቲ የሚመራ የጣሊያን ጠላቂዎች ቡድን የዳህላክ ደሴቶችን ሲያጠናና ሲቀርጽ ከረመ። ፎልኮ ኪሊቺ ከዚያ ያወጣው ፊልም እ.ኤ.አ. በ1954 ታይቶ ብዙ ወጣት አውሮፓውያንን ወደ ባሕር አስገባ። ቡድኑ ዓሣም ወግቷል፣ ፊልምም ቀርጿል፤ ባለጦሩና ባለካሜራው በአንድ ጀልባ ላይ ነበሩ ማለት ነው። ካሜራው ያሸነፈው በኋላ ነው።

ወደ ሜዳ አህያው እንመለስ። እ.ኤ.አ. በጥር 2016 ኬንያ ውስጥ የቅዳሜና የእሑድ ቆጠራ ተጠራ። ተማሪዎች፣ ጠባቂዎች፣ ከናይሮቢ መኪናቸውን ሞልተው የመጡ ቤተሰቦች፣ 500 የሚጠጉ ሰዎች ጂፒኤስ ያለው ካሜራ ይዘው ወጡ። በሁለት ቀን 40,000 ገደማ ፎቶ ተሰበሰበ። ዌል ሻርኮችን በነጠብጣባቸው ከለየው ዘዴ ጋር የሚቀራረብ ፕሮግራም የእያንዳንዱን የሜዳ አህያ መስመር አነበበ። በኬንያ 2,350 ያህል የግሬቪ የሜዳ አህዮች እንዳሉ ተገመተ። እንስሳውን ለዓለም ያስተዋወቀችው ኢትዮጵያ የቀሯት ጥቂት መቶዎች ናቸው፤ በአላይደጌና በጨው ባሕር አካባቢ።

አሁን ወለጋ። በደርግ ዘመን፣ ከ1977ቱ ድርቅ በኋላ፣ ከወሎና ከሌሎች አካባቢዎች የተነሱ በሺዎች የሚቆጠሩ ቤተሰቦች በቄለም ቄቶ እና በሌሎች የወለጋ ቆላዎች ሰፈሩ። በ1996 ዓ.ም. ደግሞ ከሐረርጌ የመጡ ሰፋሪዎች ከዲዴሳ ማዶ ጨዋቃ ገቡ። ከዚያ የአርጆ ዲዴሳ ስኳር ልማት መጣ። የተራበ ሰው መሬት ማግኘቱን የሚቃወም ልብ ያለው ሰው የለም። ግን በዚህ ሁሉ ቆላው ምን ይዞ እንደነበር፣ ምን እንዳጣ የሚያሳይ የቀደመ ቆጠራ አለመኖሩ እውነት ነው። ከኪሳራው በፊት ሒሳብ ያልያዘ ነጋዴ የከሰረውን አያውቅም።

የተረፈው ዋናው ስፍራ በቄለም ወለጋ ያለው ዳቲ ወለል ብሔራዊ ፓርክ ነው። ስሙን ያገኘው ከወለል ተራራ ነው። ረግረጉ ጉማሬ ይዟል፤ ሣሩ ውስጥ ጎሽ አለ። ከተራ ጎብኚ ይልቅ በብዛት ያየው ለሁለተኛ ዲግሪው መረጃ ለመሰብሰብ የሄደ ተማሪ ሳይሆን አይቀርም። በ1999 ዓ.ም. ነቀምቴ ላይ የተከፈተው ወለጋ ዩኒቨርሲቲ ለዚህ አንድ ተስፋ ነው። ግን የመመረቂያ ጽሑፍ የአንድ ወይም የሁለት ዓመት ሥራ ነው። ተማሪው ይመረቃል፣ ሥራ ፍለጋ ይሄዳል፣ ጎሹ ይቀራል። የጅቡቲው መዝገብ ጥንካሬ ተራ ሰው በየዓመቱ እየተመለሰ መጨመሩ ነው።

ሦስት ተቃውሞ ይነሣል፤ ሦስቱም ትክክል ናቸው። አንደኛው ጸጥታ ነው። ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ በምዕራብ ኦሮሚያ ያለው ግጭት ሰውን ከቤቱ አፈናቅሏል፤ በ2012 ደግሞ የወለጋ ዞኖች ለወራት ስልክና ኢንተርኔት ተቋርጦባቸው ነበር። ሰው እናቱን ደውሎ ማግኘት ባቃተው አገር ስለ ጎሽ ፎቶ ማውራት ቅንጦት ይመስላል። ይመስላል እንጂ አይደለም፤ ጠባቂ በማይዘዋወርበት ዱር ግጭቱ ሲያበቃ የሚጠበቅ ነገር ላይቀር ይችላል።

ሁለተኛው ጎብኚ ራሱ ይጎዳል የሚለው ነው። በጅቡቲ ፎቶ ከተነሱት ዌል ሻርኮች ብዙዎቹ ሰውነት ላይ ጀልባ ያቆሰለው ጠባሳ አለ። ዓሣውን እንወዳለን ብለው የመጡት ሰዎች ጀልባ ዓሣውን ይገጨዋል። ያን ጠባሳ የመዘገበውም ያው የቱሪስት ፎቶ ነው። ያለ እንግዳ ጠባሳው ይቀንስ ይሆናል፤ የዓሣ አጥማጁን፣ የወደቡን ትልልቅ መርከብ ጉዳት ግን ማንም አያይም ነበር።

ሦስተኛው፣ ጎሽ ነጠብጣብ የለውም። ጉማሬም የለውም። ፎቶ አንስቶ «ይህ አምና ያየሁት ነው» ማለት ለነብር እንጂ ለእነሱ አይሠራም ማለት ይቻላል። ለዚህ ግን ኮምፒውተር የማይጠይቅ የቆየ ዘዴ አለ፤ በአንድ ወቅት፣ በአንድ ሰዓት፣ በአንድ ቦታ ቆሞ ደጋግሞ መቁጠር። የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር እ.ኤ.አ. ከ1966 ጀምሮ ያለ ነው፤ በስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ላይ የውኃ ወፍ ቆጠራ የሚደረገው በዚሁ መንገድ ነው። መነጽር የያዘ ሰው ከአዲስ አበባ ይወጣል፣ ይቆጥራል፣ ይመለሳል።

ዳቲ ወለል ከአዲስ አበባ የአንድ ቀን መንገድ አይደለም። ግን ከነቀምቴ፣ ከጊምቢ፣ ከደምቢ ዶሎ ወጥቶ ዓለም ላይ የተበተነ የወለጋ ልጅ ብዙ ነው። ሚኒሶታም ሆነ ዱባይ ያለው ሰው መንገዱ ሲከፈት ለሠርግ፣ ለኢሬቻ፣ ለገና መምጣቱ አይቀርም፤ ያኔም ካሜራ ያለው ስልክ በእጁ ነው። ጉማሬ ቀኑን በውኃ ውስጥ ነው የሚውለው፤ ሣር ለመብላት የሚወጣው ሲመሽ ነው። ለመቁጠር ጎሕ ሲቀድ ዳርቻው ላይ መድረስ ይበቃል። አንዱ ሲሰጥም ሌላው ብቅ ስለሚል ሁለት ሰው ለየብቻ ሦስት ሦስት ጊዜ ቆጥሮ ትልቁን ቁጥር ይይዛል። ቀን፣ ሰዓት፣ የውኃው ስም፣ ቁጥሩ። ከግብር ደብዳቤዎቹ ላይ የጎደለው መስመር ይኸው ነበር።