የአገልጋይ ኮምፒዩተር አስተዳደር ትምህርት፦ ከአዲስ አበባ እስከ ሐዋሳ

በኢትዮጵያ ኢንተርኔት አገልግሎት የጀመረው በ1989 ዓ.ም. ቢሆንም፣ መልእክት አስተላላፊ ኮምፒዩተር የመጠበቅ ሙያ ከዚያ ይቀድማል። በተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኤኮኖሚ ኮሚሽን ሥር የነበረው ፓዲስ፣ በ1980ዎቹ ዓመታት አዲስ አበባ ላይ በፊዶኔት አማካይነት መልእክት እያጠራቀመ በስልክ መስመር ይልክ ነበር። የመሣሪያው ጠባቂ ሞደሙንም የመልእክቱንም ወረፋ በእጁ ሠርቶ ማወቅ ነበረበት።

በሐይቅ ዳሯ ሐዋሳ፣ ኋላ ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ የተባለው የደቡብ ዩኒቨርሲቲ በ1992 ዓ.ም. ሲመሠረት፣ ኮሌጆቹ በሐዋሳ፣ በወንዶ ገነትና በዲላ ተራርቀው ይገኙ ነበር። እንዲህ ላለው ተቋም የመረብ ባለሙያ ማሠልጠን የቅንጦት ጉዳይ ሊባል አይችልም፤ ለትምህርቱም ቢሆን ውድ መሣሪያ አይጠይቅም። ሊኑክስ እ.ኤ.አ. በ1991፣ አፓቺም በ1995 በነፃ ስለ ቀረቡ፣ ተማሪው ከመስመር ባልተገናኘ አሮጌ ኮምፒዩተር እንኳ አገልጋይ አቁሞ፣ ፋይሉን ማን እንደሚያነበው ወስኖ፣ የሌለ ገጽ ሲጠየቅ በመዝገቡ ላይ 404 ተብሎ ሲጻፍ ለማየት ይችላል።

የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ወደ ዩኒኮድ ከገባ ወዲህ ደግሞ አንድ የራሳችን ልምምድ ተጨምሯል፤ ይኸውም አገልጋዩ የጽሑፉን ኮድ አሳስቶ ቢያስታውቅ የአማርኛው ገጽ ትርጉም የለሽ የምልክት ክምር ሆኖ መታየቱ ነው።