የጥርስ መሰርሰሪያ ከማምከን በፊት ለምን ይጸዳል?

እንደ መርጡለ ማርያም ባሉ የምሥራቅ ጎጃም ደጋማ ከተሞች ውኃ የሚፈላው ከ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ነው። ሃንድፒስ የሚባለውን የጥርስ መሰርሰሪያ እጀታ በመቀቀል ብቻ ከጀርም ነፃ ማድረግ አይቻልም፤ በእንፋሎት ግፊት በሚሠራ አውቶክሌቭ ማምከን ያስፈልጋል።

ይኹን እንጂ ማምከን ብቻውን በቂ አይደለም። በሕክምናው ወቅት ምራቅና ደም ወደ እጀታው ውስጠኛ ክፍል ሊገባ ይችላል። ቆሻሻው ከደረቀ ጀርሞችን ከእንፋሎቱ ይከልላል፤ ሳይታጠብ እንደታጠነ የወተት ዕቃ ማለት ነው። እንደ ሄፓታይተስ ቢ ያሉ በደም የሚተላለፉ በሽታዎችም ከአንዱ ታካሚ ወደ ሌላው ሊሻገሩ ይችላሉ።

ስለዚህ ባለሙያው ከእያንዳንዱ ታካሚ በኋላ መሣሪያውን ከ20 እስከ 30 ሰከንድ ውኃና አየር እያስወጣ ያሽከረክራል። ቀጥሎ የመሰርሰሪያውን ጫፍ ነቅሎ የእጀታውን ውጪ በብሩሽ ያጥባል፤ በአምራቹ መመሪያ መሠረትም ውስጡን አጽድቶ ዘይት ይቀባል። በመጨረሻም አሽጎ በ134 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ቢያንስ ለ3 ደቂቃ ያመክነዋል። በበረኪና መዘፍዘፍ ግን ብረቱን ለዝገት ይዳርጋል።

ታካሚዎች መሣሪያው በፊታቸው ከእሽጉ እንዲወጣ መጠየቅ ይችላሉ። እሽጉ ግን ውስጡ መጽዳቱን አያሳይም፤ ይህ የባለሙያው ኀላፊነት ነው።