ግርዶሽ አየሩን ይለውጣል ወይ?

ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም እሑድ ነበር። በኮሮና ምክንያት ትምህርት ተዘግቶ ሁላችንም ቤት ነን። ላሊበላ ላይ ፀሐይ እንደ ቀለበት ሆና ታየች፤ እኛ ሰፈር በከፊል ብቻ ነው የተሸፈነችው። ጎረቤታችን እማማ "ልጄ፣ ሕፃናቱን አስገባቸው፣ አየሩ ይለወጣል" አሉኝ። እኔ ደግሞ ሳቅ ብዬ "ዓይናቸውን ይጠብቁ እንጂ አየሩ ምን ይሆናል? ጥላ እኮ ነው" አልኳቸው። ለደወሉልኝ ተማሪዎቼም ይህንኑ ነገርኳቸው። ግማሹ ስህተት ነበር። ዛሬ ላርመው።

ሰኔ 23 ቀን 1965 ዓ.ም (እ.ኤ.አ. ጁን 30 ቀን 1973) አንድ ረጅም ሙሉ ግርዶሽ አፍሪካን አቋርጦ ነበር። መሬት ላይ ለቆመ ሰው ቢበዛ 7 ደቂቃ ያህል ነው የሚቆየው። ፈረንሳዮች ግን ገና በሙከራ ላይ የነበረውን ኮንኮርድ አውሮፕላን ጣሪያው ላይ መስኮት አበጅተውለት ከላስ ፓልማስ አስነሱት። አብራሪው አንድሬ ቱርካ በድምፅ እጥፍ ፍጥነት፣ 17 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ሆኖ፣ ከጨረቃ ጥላ ጋር እኩል እየሮጠ 74 ደቂቃ ጨለማ ውስጥ ቆየና ቻድ አረፈ። ከተሳፈሩት ተመራማሪዎች አንዱ የመጣው ፀሐይን ለማየት አልነበረም፤ ድንገተኛው ጨለማ የከባቢ አየሩን ኦክስጅን ምን እንደሚያደርገው ለማጥናት ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኦዞንን ፀሐይ ትሠራዋለች፣ ፀሐይ ታፈርሰዋለች። ከ60 ኪሎ ሜትር በላይ ይህ ሁሉ የደቂቃዎች ጉዳይ ነው። ጥላው ሲደርስ ማፍረሱ ይቆማል፤ ነጠላው የኦክስጅን አተም ግን ከኦክስጅን ጋር መጣመሩን አያቆምም። ስለዚህ ኦዞን ይጨምራል፣ ብርሃን ሲመለስ ደግሞ ይቀንሳል። ናይትሮጅን ዳይኦክሳይድም እንዲሁ። ከ20 እስከ 25 ኪሎ ሜትር ያለው ዋናው የኦዞን ሽፋን ግን ሥራው ቀርፋፋ ስለሆነ የጥቂት ደቂቃ ጨለማ ብዙም አይነካውም። የምንተነፍሰው አየርም አይመረዝም።

አንድ ተማሪዬ "ቲቸር፣ ታዲያ ማታ ለምን አይለኩም?" አለኝ። ማታም ይለካሉ። ግን ምሽት ቀስ ብሎ ነው የሚመጣው። ግርዶሽ እኩለ ቀን ላይ መብራት አጥፍቶ እንደ ማብራት ነው፤ ወረቀት ላይ ያሰላነው ፍጥነት ልክ መሆኑ የሚፈተነው ያኔ ነው።

ይህን ሁሉ ለእማማ ሄጄ ነገርኳቸው። "እኔ መቼ ሳትኩ!" አሉኝ።

ሐምሌ 26 ቀን 2019 ዓ.ም ሙሉ ግርዶሽ በግብፅ፣ በሳዑዲ፣ በየመንና በሶማሊያ ያልፋል፤ እኛ ጋ በከፊል ይታያል። ጂዳና መካ ያላችሁ ወገኖች፣ እናንተ ሙሉውን ታያላችሁ። የግርዶሽ መነጽር ካሁኑ ፈልጉ፣ በባዶ ዓይን እንዳታዩ። ልጆች "አየሩ ይለወጣል ወይ?" ብለው ከጠየቋችሁ ደግሞ እንደኔ አትሳቁባቸው።