ካርዱን ከመወንጀላችሁ በፊት፤ የኮምፒውተርና የመብራት ታሪክ በወልዲያና በመርሳ

ሰሞኑን ሰብሰብ ብለን ስንጨዋወት አንድ የቆየ ጸብ ተነሳ፡፡ ጸቡ ከሰው ጋር አይደለም፤ ከግራፊክስ ካርድ ጋር ነው፡፡ ከዓመታት በፊት ገንዘብ አዋጥተን ወልዲያ ላይ ያገለገለ ኮምፒውተር ገዛን፡፡ ካርዱ ለምንፈልገው ጌም ዘገምተኛ ሆነብንና ኦቨርክሎክ አደረግነው፡፡ ማለትም ፋብሪካው ከወሰነለት ፍጥነት በላይ እንዲሮጥ አዘዝነው፡፡ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ እንደ ፈረስ ጋለበ፡፡ በማግስቱ ምሽት ግን በየአሥር ደቂቃው ራሱን እያጠፋ ይነሳ ጀመር፡፡

ካርዱን ረገምነው፡፡ ድራይቨር ቀያየርን፣ ዊንዶውስ ደጋግመን ጫንን፣ ቫይረስ ፈለግን፡፡ ሁለት ወር ሙሉ እንዲህ ስንባዝን ቆየን፡፡ በመጨረሻ ሲታይ ካርዱ ንጹሕ ነበር፡፡ ጥፋቱ ከግድግዳው በሚመጣው መብራትና ያንን መብራት መሸከም ባቃተው ርካሽ ፓወር ሳፕላይ ላይ ነበር፡፡ “አህያውን ፈርቶ ዳውላውን” ይሏል ይኼ ነው፡፡

ነገሩን ስናስበው የእኛ ብቻ ታሪክ አይመስለንም፡፡ የኮምፒውተር ታሪክ ሲጻፍ ስለ ፕሮሰሰሩና ስለ ሶፍትዌሩ ይወራል፤ ስለ ሶኬቱ ግን ማንም አያወራም፡፡ እኛ ግን በወልዲያ፣ በመርሳና በጠቅላላው በሀብሩ የኮምፒውተር ታሪክ ከመብራት ታሪክ ተለይቶ ሊነገር አይችልም እንላለን፡፡ እስቲ ሁለቱን ጎን ለጎን እንያቸው፡፡

ፍጥነት መበደር

ኦቨርክሎክ ከግራፊክስ ካርድ በፊት የነበረ ጉዳይ ነው፡፡ እ.ኤ.አ. በ1984 የወጣው የአይቢኤም ፒሲ ኤቲ በ6 ሜጋ ኸርዝ ይሠራ ነበር፡፡ ባለቤቶቹ ፍጥነቱን የምትወስነውን ትንሽ ክሪስታል ነቅለው ፈጠን ያለ ክሪስታል ይተኩበት ጀመር፡፡ እ.ኤ.አ. በ1998 ደግሞ የኢንቴል ሴለሮን 300ኤ መጣ፡፡ የማዘርቦርዱን አውቶቡስ ከ66 ወደ 100 ሜጋ ኸርዝ ማሳደግ ብቻ የ300ውን ፕሮሰሰር 450 ያደርገው ነበር፡፡ በቀጣዩ ዓመት ኤንቪዲያ ጂፎርስ 256ን አወጣ፡፡ ከዚያ በኋላ እንደ ሪቫቲዩነር ያሉ ፕሮግራሞች ሲመጡ ነገሩ ብየዳና ክሪስታል የማይጠይቅ ሆነ፤ በማውስ መጎተት ብቻ፡፡

ይሁን እንጂ ፍጥነቱ ነጻ ስጦታ አይደለም፤ ብድር ነው፡፡ የቺፕ የኃይል ፍጆታ ከፍጥነቱ ጋር እኩል ያድጋል፤ ከቮልቴጁ ጋር ደግሞ በካሬ ያድጋል፡፡ ፍጥነቱን በ10 ፐርሰንት ብትጨምሩና ካርዱ እንዳይንገዳገድ ቮልቴጁንም በ10 ፐርሰንት ከፍ ብታደርጉ፣ ፍጆታው በ33 ፐርሰንት ገደማ ይዘላል፡፡ ትርፉ አሥር፣ ዕዳው ሠላሳ ሦስት፡፡ ዕዳውን የሚከፍለው ፓወር ሳፕላዩ ነው፡፡ ፓወር ሳፕላዩ ደግሞ የሚከፍለው ከግድግዳው ተቀብሎ ነው፡፡ ግድግዳው ከሌለውስ?

ከቤተ መንግሥት እስከ ሶኬት

ኤሌክትሪክ ወደ አገራችን የገባው በ1890 ዓ.ም. ገደማ፣ ዳግማዊ ምኒልክ ቤተ መንግሥታቸውን በጀነሬተር ባስበሩ ጊዜ ነው፡፡ ሕዝቡ እስከ ዛሬ “መብራት ኃይል” የሚለው ተቋም በ1948 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ መብራትና ኃይል ባለሥልጣን ተብሎ ተቋቋመ፡፡ በ1989 ዓ.ም. ኮርፖሬሽን ሆነ፤ በ2006 ዓ.ም. ደግሞ ለሁለት ተከፈለ፡፡ አንዱ ኃይል የሚያመነጨውና ትልልቆቹን መስመሮች የሚይዘው፣ ሌላው ለደንበኛው የሚያድለው ሆነ፡፡

የስሙን ነገር ልብ በሉ፡፡ “መብራት” ነው የተባለው፡፡ ለረጅም ዘመን ኤሌክትሪክ ማለት ለአብዛኛው ሰው አምፖል ማለት ነበር፡፡ አምፖል ደግሞ ታጋሽ ነው፤ ኃይል ሲያንሰው ይደበዝዛል፣ ሲመለስለት ይደምቃል፡፡ ቂም አይዝም፡፡ ኮምፒውተር ግን እንደ አምፖል ደብዘዝ ብሎ አይሠራም፤ ወይ ይሠራል ወይ ይወድቃል፡፡ ለአምፖል የበቃ መስመር ኮምፒውተር ሲሰካበት ገበናው ወጣ፡፡

ይህ በተለይ የታየው በ1990ዎቹ ነው፡፡ በየከተማው ኮምፒውተር ጽሕፈት ቤቶች፣ ፎቶ ኮፒ ቤቶች፣ የሰርግ ቪዲዮ የሚያቀናብሩ ቤቶችና ፕሌይስቴሽን ቤቶች ተከፈቱ፡፡ ፓወር ግዕዝ የተጫነበት ኮምፒውተር ማመልከቻ የሚጻፍበት፣ የሰርግ መጥሪያ የሚሠራበት ሆነ፡፡ በ1997 ዓ.ም. ደግሞ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት በሳተላይት፣ በፕላዝማ ቴሌቪዥን መሰጠት ጀመረ፡፡ ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል የተማርን ሁላችን እናስታውሰዋለን፡፡ መብራት ሲሄድ ፕላዝማው አይጠብቅም፡፡ መብራት ሲመጣ ትምህርቱ ሌላ ምዕራፍ ላይ ደርሷል፡፡

ከዚያ የ2000 እና የ2001 ዓ.ም. ፈረቃ መጣ፡፡ ወዲያው በ2002 ዓ.ም. ሦስት ትልልቅ ማመንጫዎች ተመረቁ፤ ተከዜ 300 ሜጋ ዋት፣ ግልገል ጊቤ ሁለት 420፣ ጣና በለስ 460፡፡ ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ደግሞ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው የሕዳሴ ግድብ ተመረቀ፡፡ ከኮምቦልቻ ወደ አላማጣና መቐለ የሚዘልቀው የ230 ኪሎ ቮልት መስመርም የእኛን አገር አቋርጦ ነው የሚያልፈው፡፡ ነገር ግን ኃይል መመንጨቱ አንድ ነገር ነው፤ በሰፈሩ ትራንስፎርመርና በቀጭኑ ሽቦ በኩል ሳይደክም ሶኬት መድረሱ ሌላ ነገር ነው፡፡ ግድብ ስለ ብዛት ይመልሳል፤ ኮምፒውተር የሚጠይቀው ግን ጥራትንም ጭምር ነው፡፡

ምሽት 1 ሰዓት ላይ የሚሆነው

ካርዳችን ሌሊት ሠርቶ ምሽት ለምን ወደቀ? ምሽት ላይ ሰፈሩ ሁሉ ይነቃል፡፡ አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ብቻውን 3 ኪሎ ዋት ገደማ ይወስዳል፡፡ ወፍጮ ቤቱና ብየዳ ቤቱ በዚያው መስመር ላይ ከሆኑ ደግሞ የወፍጮው ሞተር በተነሳ ቁጥር መብራቱ ብልጭ ድርግም ይላል፡፡ 220 መሆን የሚገባው ቮልቴጅ 160 ሊደርስ ይችላል፡፡

በፓወር ሳፕላዩ ውስጥ ያለውን ትልቁን ካፓሲተር እንደ እንስራ ቁጠሩት፡፡ ውኃው ለአፍታ ቢቋረጥ ቤቱ ከእንስራው ይጠጣል፡፡ የተለመደው የፓወር ሳፕላይ ደረጃ ይህ እንስራ ኮምፒውተሩን በሙሉ ጭነት ለ16 ሚሊ ሰከንድ ገደማ እንዲያቆይ ይጠይቃል፡፡ የእኛ መብራት ዑደት ደግሞ 20 ሚሊ ሰከንድ ነው፡፡ አንድ ዑደት ከዘለለ እንስራው አይበቃም፤ ኮምፒውተሩ ይወድቃል፡፡ በአሮጌዎቹና በርካሾቹ ዓይነቶች ላይ ነገሩ ይብሳል፡፡ ቮልቴጁ ከ220 ወደ 160 ሲወርድ በእንስራው የሚጠራቀመው ኃይል ወደ ግማሽ ገደማ ይወርዳል፡፡ እንግዲህ በግማሽ እንስራ ላይ 33 ፐርሰንት የበለጠ የሚጠጣ ካርድ ጨመርን ማለት ነው፡፡ ወደቀ፡፡ ምን ያድርግ?

ከወልዲያ ወደ መርሳ ሲወረድ ደግሞ ሙቀት ይጨመራል፡፡ ቆላማው የሀብሩ አየርና የመንገዱ አቧራ ተባብረው ፋኑን ያፍኑታል፡፡

በብልጭታ የተማሩ ልጆች

የአካባቢያችን ጠጋኞች ይህን ሁሉ ከመጽሐፍ አልተማሩትም፡፡ ከአሜሪካ በዘመድ የተላከ ኮምፒውተር ሲመጣ መጀመሪያ ከኋላው ያለችውን ቀይ ማብሪያ ያዩ ነበር፡፡ 115 ላይ ሆና 220 ላይ ከተሰካ ጢስና ጩኸት ነው፡፡ እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጀመሪያ ዓለምን ባዳረሰው የተበላሹ ካፓሲተሮች ወረርሽኝ ጊዜ አናታቸው ያበጠውን በዓይን ለይተው ነቅለው ይቀይሩ ነበር፡፡ የኮምፒውተሩ ቆርቆሮ ሲነዝር የመሬት ሽቦ አለመኖሩን ያውቃሉ፡፡

ከእነሱ የወረስነው ሥርዓት አጭር ነው፡፡ መጀመሪያ ካርዱን ወደ ፋብሪካው ፍጥነት መልሱት፡፡ ቀጥሎ የሚወድቅበትን ሰዓት ጻፉ፤ ምሽት ምሽት ብቻ ከሆነ ሶፍትዌሩን ተዉት፡፡ ሶኬቱን በመልቲሜትር ለኩ፡፡ ጌሙ እየሠራ የ12 ቮልቱን መስመር ለኩ፤ ከ11.4 በታች ከወረደ ፓወር ሳፕላዩ ደክሟል፡፡ ብዙ ዕቃ የተደራረበበትን ዲቫይደር ንቀሉ፡፡ ስታቢላይዘርና ዩፒኤስ ግዙ፤ ስታቢላይዘር ግን የደከመ መብራት ያነሳል እንጂ የሄደ መብራት አይመልስም፡፡ ካርዱ ተከሳሽ የሚሆነው ይህ ሁሉ ካለፈ በኋላ ነው፡፡

ነሐሴ 2013

ከዚያ ደግሞ ስታቢላይዘርም ዩፒኤስም የማይመልሰው ጊዜ መጣ፡፡ ጦርነቱ በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ወልዲያን፣ መርሳንም ዋጠ፡፡ እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ድረስ፣ አራት ወር ያህል፣ መብራት የለም፣ ስልክ የለም፣ ባንክ የለም፡፡ በ2004 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የወልዲያ ዩኒቨርሲቲ ከተዘረፉትና ከወደሙት ተቋማት አንዱ ነበር፡፡

በእነዚያ ወራት ኮምፒውተር ማለት ዝም ያለ ቆርቆሮ ነበር፡፡ ስለ ሞተው ሰው እንጂ ስለ ቆርቆሮ ማን ያለቅሳል? ልክ ነው፡፡ ሆኖም ስንቱ የሰርግ ቪዲዮ፣ ስንቱ የመመረቂያ ጽሑፍ፣ ዛሬ በሕይወት የሌሉ ሰዎች ስንት ፎቶ በእነዚያ ሃርድ ዲስኮች ውስጥ ነበር? የአንድ ከተማ የ20 ዓመት ትዝታ ወረቀቱን ትቶ ወደ ዲስክ ከገባ በኋላ ነበር ዲስኩ የሄደው፡፡ ኃይል ሲቋረጥ የሚቋረጠው ጌም ብቻ እንዳልሆነ የገባን ያኔ ነው፡፡

ለዚህ ነው ይህን ታሪክ መጻፍ የፈለግነው፡፡ ኮምፒውተሩ “ተበላሸ” ስንል የኖርነው ብዙ ጊዜ ስለ መብራቱ ነበር፡፡ ሰበቡን በትክክል ካልጠራነው መፍትሔውንም በትክክል አንጠይቅም፤ ካርድ ስንቀያይር ትራንስፎርመሩ እንዳረጀ ይቀራል፡፡

የእኛ ካርድ አሁንም አለ፡፡ በፋብሪካው ፍጥነት ላይ ነው፣ አይቸኩልም፡፡ ኮምፒውተሩን ከመክፈታችን በፊት ሶኬቱን እንለካለን፤ ከዘጋን በኋላ ደግሞ ፎቶዎቹን ሌላ ቦታ እንገለብጣለን፡፡ እናንተም እንዲሁ አድርጉ፡፡