ከክብደት መቀነሻ ቀዶ ሕክምና በኋላ ስለሚከሰት የሪህ ሕመምና ተያያዥ የጤና ችግሮች

ከመጠን ያለፈ ውፍረትን ለማከም የሚሰጠው የጨጓራ ቀዶ ሕክምና የስኳር በሽታንና የደም ግፊትን ለመቆጣጠር ያግዛል፤ በረጅም ጊዜም በደም ውስጥ ያለውን የዩሪክ አሲድ መጠን ይቀንሳል። ይሁን እንጂ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ሳምንታትና ወራት የሪህ ሕመም ሊቀሰቀስ ይችላል። ቀደም ሲል ሪህ የነበረባቸው ሰዎች ይበልጥ ተጋላጭ ናቸው።

መንስኤው

ክብደት በፍጥነት ሲቀንስ የሰውነት ሕዋሳት ስለሚፈራርሱ ብዙ ዩሪክ አሲድ ይፈጠራል። የፈሳሽ እጥረት እንዲሁም ስብ ሲቃጠል የሚፈጠረው ኬቶን ደግሞ ኩላሊት ይህን አሲድ በበቂ መጠን እንዳያስወግድ ያደርጋሉ። መጠኑ በአንድ ዴሲ ሊትር ደም ከ6.8 ሚሊ ግራም ሲያልፍ በመገጣጠሚያዎች ውስጥ እንደ መርፌ የሾሉ ጠጣር ቅንጣቶች ሊፈጠሩ ይችላሉ።

ምልክቶቹ

ሕመሙ ብዙውን ጊዜ ሌሊት በድንገት ይጀምራል። የእግር አውራ ጣት፣ ቁርጭምጭሚት ወይም ጉልበት ያብጣል፣ ይቀላል፣ ያቃጥላል። ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ከተጨመረበት የመገጣጠሚያ ኢንፌክሽን ሊሆን ስለሚችል በአስቸኳይ ወደ ጤና ተቋም መሄድ ይገባል።

ስለ ማስታገሻ መድኃኒቶች ሊደረግ የሚገባ ጥንቃቄ

ለሪህ በተለምዶ የሚወሰዱት ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን፣ በተለይ ጨጓራቸው ተቀንሶ በቀጥታ ከትንሹ አንጀት ጋር በተገናኘላቸው ታካሚዎች ላይ፣ ቁስለትና የውስጥ ደም መፍሰስ ሊያስከትሉ ይችላሉ። በመሆኑም ታካሚው ማናቸውንም ማስታገሻ ከመግዛቱ በፊት ቀዶ ሕክምና ማድረጉን ለሐኪም ወይም ለመድኃኒት ባለሙያ ማሳወቅ አለበት። በውጭ አገር የታከሙ ሰዎች የተደረገላቸውን የቀዶ ሕክምና ዓይነት የሚገልጽ ሰነድ ይዘው ሊመለሱ ይገባል። አሎፑሪኖል የሚወስዱ ታካሚዎችም ያለ ሐኪም ትእዛዝ ማቋረጥ የለባቸውም።

ሌሎች ችግሮች

ፈጣን የክብደት መቀነስ የሐሞት ከረጢት ጠጠር ሊያስከትል ይችላል። የብረት፣ የካልሲየምና የቫይታሚን ቢ12 እጥረትም ሊከተል ስለሚችል የታዘዙ ቫይታሚኖችን ሳያቋርጡ መውሰድና የደም ምርመራ ማድረግ ያስፈልጋል። ተደጋጋሚ ትውከት የቫይታሚን ቢ1 እጥረት ያመጣል፤ መንገዳገድ፣ ነገሮችን ደርቦ ማየት ወይም ግራ መጋባት ከታየ ጉዳዩ ድንገተኛ ነው።

የአመጋገብ ምክር

• ውኃ ቀኑን ሙሉ በትንሽ በትንሹ መጠጣት፤
• ቢራን፣ ስኳር የበዛባቸውን ለስላሳ መጠጦች፣ ጉበትንና ዱለትን ማስወገድ፤
• ምስር፣ ሽምብራና ባቄላ የሪህን ተጋላጭነት የሚጨምሩ ባለመሆናቸው፣ በባለሙያ ምክር መሠረት የፕሮቲን ምንጭ አድርጎ መጠቀም፤
• ጾም ከመጀመር በፊት ከሐኪም ጋር መመካከር።